ከደምበጫ እስከ ቆጋ፤ ከአንድ ባለ ካሜራ ጋር

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም በሣጥን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ እንደማያጡ እርግጠኛ ነኝ። እባክዎ ይህን ጽሑፍ ከማንበብዎ በፊት ያውጡትና ጀርባውን ይገልብጡት። ስም ተጽፎበታልን? ቀኑስ? ጀርባው ባዶ ከሆነ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእርስዎ ነው። ስምና ቀን ተጽፎበት ከተገኘም ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚያደርሰውን መንገድ አብረን ብንጓዝ የሚጎዳዎት ነገር የለም።

በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የመንፈቅ ፈተና ካበቃ በኋላ ጥቂት ቀን ዕረፍት አገኘሁ። የማስተምረው ታሪክ ነውና በክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው የአገራቸው አሮጌ ፎቶግራፍ ስፈልግ ብዙ ጊዜ ቆይቻለሁ። በመጽሐፍ የታተመው ሁሉ ወይ የአክሱም ነው፣ ወይ የጎንደር ነው፣ ወይ የአዲስ አበባ ነው። ተማሪዎቼ ግን የደምበጫ፣ የጅጋ፣ የማንኩሳና የቡሬ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ከአርባ ዓመት በላይ ፎቶግራፍ ሲያነሡ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አብረውኝ እንዲጓዙ ለመንኋቸው። እሳቸውም «ስሜን እንዳትጽፍ እንጂ መሄዱንስ እሄዳለሁ» አሉኝ። እኔም ቃላቸውን ጠብቄ ባለ ካሜራው እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ደምበጫ

ጉዟችንን የጀመርነው ወደ ኋላ ተመልሰን ከደምበጫ ነው። በእጄ አንድ የተባዛ ፎቶግራፍ ይዤ ነበር። ዋናው ሎንዶን በሚገኘው የጦርነት ቤተ መዘክር ተቀምጧል። በመካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በግራቸው ብርጋዴር ሳንፎርድ፣ በቀኛቸው ኮሎኔል ዊንጌት ይታያሉ። የሁለቱም እንግሊዞች ስም በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ስም ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠራልና ለአንባቢ እንግዶች አይደሉም። የሥዕሉ መግለጫ ቦታው የደምበጫ ምሽግ ከተያዘ በኋላ እንደሆነና ቀኑም ሚያዝያ 7 ቀን 1933 ዓ.ም. እንደሆነ ይናገራል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የተከሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች የቡሬን ምሽግ ለቀው የወጡት የካቲት 25 ቀን ነው። ሲያፈገፍጉም ከሁለት ቀን በኋላ ከደምበጫ አጠገብ መንገድ ላይ ከጠበቃቸው ከ2ኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጋር ተጋጥመው ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡት ደግሞ መጋቢት 28 ቀን ነው። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው ደምበጫን አስቀድሞ ያልፋል። ታዲያ ደብረ ማርቆስ ከገቡ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ደምበጫ ላይ እንዴት ፎቶግራፍ ተነሡ?

ይህን ጥያቄ ለባለ ካሜራው ባቀርብላቸው ሳቁና፤

«መምህር፣ ፎቶግራፍ ሁለት ቀን አለው» አሉኝ። «አንደኛው የተነሣበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈበት ቀን ነው። ወታደር ፊልሙን አንሥቶ ወደ ኋላ ይልካል። ያጠበው ሌላ፣ ጀርባው ላይ የጻፈው ሌላ። እኔ ራሴ የሰኞውን ሐሙስ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ወይም ደግሞ ጃንሆይ ተመልሰው መጥተው ይሆናል። እኛ የምናውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው።»

የታሪክ መምህር ሆኜ በኮሌጅ ስለ ማስረጃ ምርመራ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ነገሩ ግን የገባኝ በዚያ ቀን በደምበጫ አስፋልት ዳር ቆሜ ነው ብል አላጋነንሁም። ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል። ፎቶግራፉስ እውነት ላይዋሽ ይችላል፤ ጀርባው ግን ይሳሳታል።

የሚከራየው ኮት

ከደምበጫ ተመልሰን ፍኖተ ሰላም ገባን። ከተማይቱ ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የዛሬውን ስሟን ያገኘችው በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሲያልፉ ነው ብለው ነዋሪዎቿ ይናገራሉ። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በአጠገቧም ላህ የሚባለው ወንዝ ይወርዳል።

የባለ ካሜራው ፎቶ ቤት አንድ በር ያለው ጠባብ ክፍል ነው። በስተኋላው መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተደፈነ ጨለማ ክፍል አለ። ዛሬ ሰው ሁሉ በኪሱ ስልክ ይዞ ስለሚዞር የጨለማ ክፍሉ ሥራ ፈትቷል። እሳቸው ግን ሳህኖቹንና የማጉያውን መሣሪያ አቧራ እንዳይነካቸው ሸፍነው አስቀምጠዋቸዋል። ፊልም እንዴት እንደሚታጠብ ለማያውቅ ወጣት አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ።

ፊልም ማለት የብር ጨው የተቀባ ላስቲክ ነው። ብርሃን የነካው የብር ጨው በመጀመሪያው መድኃኒት ሲነከር ወደ ጥቁር ብር ይለወጣል። ብርሃን ያልነካውን ደግሞ ሁለተኛው መድኃኒት አጥቦ ያወጣዋል። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ነጭ የነበረው ነገር ጥቁር፣ ጥቁር የነበረው ነገር ነጭ ሆኖ ይታያል። ኔጌቲቭ የሚባለው ይህ ነው። ከኔጌቲቩ ላይ እንደገና ብርሃን በወረቀት ላይ ሲጣል ነገሩ ተገልብጦ ትክክለኛው መልክ ይወጣል። በመጨረሻም መድኃኒቱ እስኪለቅ ድረስ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። በደንብ ያልታጠበ ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆናል።

«ውሃው ነበር የሚያስቸግረኝ» አሉ ባለ ካሜራው። «የቧንቧ ውሃ ሳይኖረኝ ከላህ በአህያ አስቀድቼ ነበር የማጥበው። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ይመጣል። በበርሜል አጠልየው፣ በነጠላ አጥልዬው፣ እንደገናም የአሸዋ ቅንጣት ፊልሙ ላይ ትቀራለች። የሐምሌና የነሐሴ ፎቶግራፎቼን ገና ሳያቸው አውቃቸዋለሁ፤ የሰዉ ሁሉ ፊት ፈንጣጣ የወጣበት ይመስላል።»

በፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ መጋረጃ ተሰቅሏል። የሳለላቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ባለ ካሜራው «ሎንዶንን ሳልልኝ» ብለውት ነው። ሠዓሊው ሎንዶንን አይቶ አያውቅምና ባለ ብዙ መስኮት ፎቅ፣ አንድ አውሮፕላንና አንድ ዘንባባ አድርጎ ሳለው። ደመናው ግን በመላእክት ክንፍ ሥር የሚሳለው ደመና ነው። ከገጠር ለሠርግ ወይም ለገበያ የመጣ ሰው ሁሉ በዚህ ሎንዶን ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። ዛሬ የከተማ ሰዎች ለአንድ ፎቶግራፍ ሥፍራውን፣ ልብሱንና ብርሃኑን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ለብቻው ይቀጥራሉ ሲባል እሰማለሁ። በፍኖተ ሰላም አዘጋጁም፣ አንሺውም፣ አጣቢውም፣ ገንዘብ ተቀባዩም አንድ ሰው ነበር።

ከመጋረጃው ጎን ሚስማር ላይ አንድ ግራጫ ኮትና አንድ ክራባት ተሰቅለዋል። ጉርድ ፎቶግራፍ የሚነሣ ኮት የሌለው ሰው ይህን ለብሶ ይነሣል። ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ፣ ሥራ የሚያመለክት ወጣት፣ መታወቂያ የሚያወጣ ገበሬ ሁሉም ይህን ኮት ለብሷል። እኔም ሳቅሁና፤

«ጋሼ፣ እንግዲህ የወረዳው ሰው ሁሉ የለበሰው አንድ ኮት ነዋ!» አልኋቸው።

እሳቸው ግን አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ይህን ነገሩኝ።

«በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ወጣቱ ከመሄዱ በፊት እየመጣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። አንዱን ለመታወቂያው፣ አንዱን ለእናቱ። ብዙዎቹ ግን ለእናታቸው የሚሆነውን ሳይወስዱ ሄዱ። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ አልቆ የተረፈው ወታደር ወደየቤቱ ሲገባ አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ልጃቸው አልተመለሰም። ‹እዚህ ፎቶግራፍ ተነሥቷል ብለውኛል፤ ስጡኝ› አሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ኔጌቲቩን በየዓመቱ በካርቶን እሞላለሁ እንጂ ስም አልጽፍም። ‹ልጅዎ ምን ለብሶ ነበር?› አልኋቸው። ‹ኮት ነው የለበሰው አሉኝ› አሉ። ሁሉም ኮት ነው የለበሰው!

«ኔጌቲቩን እያወጣሁ በመስኮት ብርሃን አሳየኋቸው። ፊቱ ጥቁር፣ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ሲያዩት ደነገጡ። ‹ይኼ የሽማግሌ ጠጉር ነው፣ ይኼ የሰው መልክ አይደለም› ብለው ዓይናቸውን ሸፈኑ። ስለዚህ የሦስት ዓመት ፊልም እንደገና በወረቀት አሳተምሁ። አራት ቀን ፈጀብኝ። እናትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ተመለከቱ። በአራተኛው ቀን አንዱን ይዘው ‹ይኼ ነው› አሉ። ሳሙት፣ በደረታቸው አቀፉት፣ አለቀሱ። አጉልቼ ሰጠኋቸው። ገንዘብም አልተቀበልሁ።»

እዚህ ላይ ዝም አሉ። ታሪኩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«መምህር» አሉኝ እንደገና፤ «ያ ፎቶግራፍ የወጣው ከ1978 ካርቶን ነው። ልጃቸው የሄደው በ1977 ክረምት ነው ብለውኝ ነበር። ምናልባት እኔ ካርቶኑ ላይ ዓመት አሳስቼ ጽፌ ይሆናል። ምናልባትም ዓመቱን የሳቱት እሳቸው ይሆናሉ። ምናልባት ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ ነው። ምን ልበላቸው ኖሯል? ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ድረስ እሳቸውን እንዳስደሰትሁ ወይም እንዳታለልሁ አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ስምና ቀን ሳልጽፍ አንድም ሰው አንሥቼ አላውቅም።»

ይህን ብለው ከመደርደሪያው ላይ ወፋፍራም ደብተሮች አወረዱልኝ። በእያንዳንዱ ገጽ የፊልሙ ቁጥር፣ የተነሣው ሰው ስም፣ የአባቱ ስም፣ የመጣበት ቀበሌና ቀኑ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል። ለጉርድ ፎቶግራፍ እንጂ ለታሪክ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። እኔ ግን የአንድ አገር ሕዝብ በስም ተመዝግቦ የሚገኝበት ከዚህ የበለጠ መዝገብ በዚያ ወረዳ አላየሁም።

በአገራችን ኔጌቲቩን እንደ ነፍሱ የጠበቀ ሌላ ሰው አለ። ከቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ የነበሩት ሽመልስ ደስታ በደርግ ዘመን ወደ ሎንዶን ሲሰደዱ ያነሷቸውን ሥዕሎች አልጣሉም። በኋላም ሥዕሎቹ በሎንዶን ለሕዝብ ታይተዋል። ከእሳቸው በፊት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው የቤተ መንግሥቱን ፎቶግራፍ ሲያነሡ ኖረዋል። እነዚህ የነገሥታቱን መልክ ጠበቁልን። የባላገሩን መልክ የጠበቁት ግን እንደ ባለ ካሜራው ያሉ፣ በየአውራ ጎዳናው ዳር አንድ በር ከፍተው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው።

የቡሬ በሬ

በማግሥቱ በሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ቡሬ ተጓዝን። በመንገዱ ላይ ማንኩሳን አለፍን። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ማንኩሳ የማያውቃት አንባቢ የለም። ደራሲው ያለ ካሜራ፣ በቃል ብቻ፣ የአንድ መንደር ሰዎችን ፎቶግራፍ አንሥተው ለትውልድ አቆዩ። ወጣቶች ተሳፋሪዎች ግን ስልካቸውን ሲነካኩ መንደሪቱ አለፈች።

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ያደርሳል። አካባቢው በበቆሎና በበርበሬ የታወቀ ነው። በጥር በገበያው ውስጥ የሚያልፍ ሰው ሳያስነጥስ አይወጣም። ባለ ካሜራው በወጣትነታቸው በገበያ ቀን ባለ ሁለት ዓይን ያሺካቸውን፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያቸውንና አንድ አንሶላ ይዘው ቡሬ ይመጡ ነበር። አንሶላውን በአጥር ላይ ሰቅለው ሰው ያነሣሉ። በአንድ ጥቅል ፊልም የሚወጣው ዐሥራ ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ተጠንቅቀው ይቆጥሩታል።

«አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወረፋ ጠብቀው ተራቸው ሲደርስ ገመድ ስበው አንድ በሬ አመጡ» አሉኝ። «‹በሬውን ነው የምታነሣልኝ› አሉ። ‹ከእርስዎ ጋር ይሁን?› ብላቸው ‹የለም፣ ብቻውን› አሉ። ‹እኔን ልጆቼ ያስታውሱኛል፤ ዐሥራ አንድ ክረምት ያረሰልኝን በሬ ማን ያስታውሰዋል? ዛሬ እሸጠዋለሁ› አሉኝ። በሬው ቡሬ ነበር፤ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት። ገበያተኛው ሳቀብን። እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ ተጠንቅቄ አነሣሁት። በሬው አልተነቃነቀም። ከሰው የተሻለ ፎቶግራፍ የሚነሣ በሬ ነበር።»

«ፎቶግራፉን ወሰዱት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በሚቀጥለው ገበያ መጥተው ወሰዱት። ‹እህ› ብለው ዝም አሉ። ብሩን ከፍለው ሄዱ። እኔ በሕይወቴ ከተቀበልሁት ምስጋና ሁሉ ያ ‹እህ› ይበልጥብኛል።»

ከቡሬ አልፎ ጥሊሊና እንጅባራ ይከተላሉ። በስተቀኝ ያለው ተራራማ አገር ሰከላ ነው። የግልገል ዓባይ ምንጭ ግሼ ዓባይ የሚገኘው በዚያ ነው። ወደዚያ ለመውጣት ጊዜ አልነበረንም። በመንገድ ላይ ግን ለባለ ካሜራው አንድ ታሪክ ነገርኋቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጥቅምት 1763 ዓ.ም. ወደዚህ ምንጭ ደረሰ። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ከ150 ዓመት በፊት አይቶት ሳለ ብሩስ የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ከብሩስ ጋር ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ከቦሎኛ የመጣ ወጣት ሠዓሊ ነበር። ካሜራ ገና ባልተፈጠረበት ዘመን ዕፀዋቱንም፣ አእዋፉንም፣ የአገሩንም መልክ የሚሥለው እርሱ ነበር። ባሉጋኒ እስከ ምንጩ ድረስ አብሮ ሄዶ፣ ጎንደር ከተመለሱ በኋላ በዚያው ሞተ። ብሩስ ግን በአምስት ቅጽ ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ሠዓሊው ወደ ምንጩ ከመሄዳችን በፊት ሞቷል ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹንም ሥዕሎች የራሱ አስመሰላቸው።

ባለ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ሲመለከቱ ቆዩና፤

«ሥዕሎቹስ ዛሬ አሉ?» አሉኝ።

«አሉ። በአሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀዋል፤ የባሉጋኒ መሆናቸውም ታውቋል» አልኋቸው።

«እንግዲህ እጁ መሰከረለት» አሉ። «እኔም የራሴን ፎቶግራፍ በሌላ ሰው ቤት ሳየው አውቀዋለሁ። ማኅተም ባይኖረውም አውቀዋለሁ።»

ዳንግላ ስንደርስ ደግሞ እንግሊዛዊው ቺስማን በቆንስልነት የተቀመጠበትን ከተማ አሳየኋቸው። ቺስማን ከ1925 እስከ 1934 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚህ ተቀምጦ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር እየዞረ ካርታ አነሣ፤ ፎቶግራፍም አነሣ። መጽሐፉ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተመ። ባለ ካሜራው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ፊልሙን በምን ውሃ አጠበው?»

ከውሃ በታች ያለው ቤት

የጉዟችን መጨረሻ ቆጋ ነበር። ቆጋ በሜጫ፣ ከመርዓዊ ከተማ አጠገብ ወርዶ ከግልገል ዓባይ የሚቀላቀል ወንዝ ነው። ዛሬ ግን ቆጋ ሲባል ሰው ወንዙን አያስብም፤ ግድቡን ነው የሚያስበው። ውሃው ተጠራቅሞ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ለመስኖ መስጠት ጀመረ። የታቀደለት እርሻ 7 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። በጥር ወር፣ ሌላው አገር ገለባ ብቻ በቀረበት ጊዜ፣ በቆጋ ቦዮች ሥር ስንዴው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ሽንኩርትና ድንች ይለቀማል። በበጋ ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ የነበረ ገበሬ ዛሬ በበጋ ያመርታል። ይህን ጥቅም አይቶ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ የለም።

ሆኖም ግድብ ሲሠራ ውሃው የሚተኛበት ቦታ ያስፈልጋል። በዚያ ቦታ እርሻ ነበረ፣ የግጦሽ መስክ ነበረ፣ ሰውም ነበረ። እነዚያ ሰዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። በ1997 ዓ.ም. ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በፍኖተ ሰላም ባለ ዘመዱ አማካይነት ባለ ካሜራውን አስጠርቶ ነበር። የፈለገው የቤተ ሰቡን ፎቶግራፍ ነው፤ ነገር ግን በሎንዶን መጋረጃ ፊት አይደለም። «ከቤቴ ፊት፣ ከዋርካው ሥር፣ ጋራው ከበስተኋላ እንዲታይ አድርገህ አንሣን» አላቸው።

ባለ ካሜራው ደብተራቸውን አገላብጠው ኔጌቲቩን ከነቁጥሩ አግኝተው አንድ ቅጂ አዘጋጅተው ይዘው መጥተዋል። በጀርባው የዘጠኝ ሰው ስም፣ የቦታው ስምና ቀኑ ተጽፏል። በመርዓዊ ገበያ ስሙን ጠይቀን ከሰዓት በኋላ አንዱን ልጅ አገኘነው። በፎቶግራፉ ላይ የእናቱን ቀሚስ ይዞ የቆመ ትንሽ ልጅ ነው። ዛሬ እንደ እኔ ጎልማሳ ሆኗል፤ በመስኖው ስንዴና አቮካዶ ያመርታል። ቤታቸው የነበረው ፎቶግራፍ በምስጥ ተበልቶ ጠፍቶ ነበር።

ወደ ግድቡ ዳር ይዞን ወጣ። ፎቶግራፉን በሁለት እጁ ከፊቱ ከፍ አድርጎ ያዘና በሥዕሉ ላይ ያለውን ጋራ ከፊታችን ካለው ጋራ ጋር እያስተያየ ወደ ግራ ጥቂት ሄደ፤ ወደ ቀኝ ተመለሰ፤ ቆመ።

«እዚያ ነው» አለ፣ ወደ ውሃው እየጠቆመ። «ከዚያች ጀልባ ትንሽ ወዲህ። ዋርካው እዚያ ነበር።»

ውሃው ጸጥ ብሏል። ሌላ ምንም አይታይም። ወጣቱ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ በጀርባው ያለውን ስም አንድ በአንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። አባቱና ሁለቱ ታላላቆቹ በሕይወት የሉም። ስማቸው ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ አለ እንጂ አላቋረጠም።

እኔም በዚያን ጊዜ ፈረንጆች ከሸለሙት ከአንድ የአገራችን ፎቶግራፍ አንሺ ሥራ ጋር አስተያየሁት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሲሞቱ ሙሉጌታ አየነ በዚያ አፈር በራሷ ላይ የምትነሰንስ ሐዘንተኛ አነሣ። ሥዕሉ በዓለም የፕሬስ ፎቶግራፍ ውድድር ለዓመቱ ምርጥ ከታጩት አንዱ ሆነ። ባለ ካሜራውን «እርስዎ ቢሆኑ ለቅሶ ያነሡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዓለም እንዲያይ ከሆነ ማንሣት አለበት» አሉ። «እኔ ግን የማነሣው ለባለቤቱ ነው። ይህን ልጅ አሁን ባነሣው ለማን እሰጠዋለሁ? እሱ የሚፈልገውን አግኝቷል።» ካሜራቸውንም ከቦርሳው አላወጡትም።

ውድ አንባቢ፤ ከዚያ ጥር ወዲህ በአካባቢያችን የደረሰውን ችግር ስለምታውቁ አልዘረዝረውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ከመጣ በኋላ ያንን መንገድ እንደዚያ በነፃነት አልተጓዝሁበትም። ወፋፍራሞቹ ደብተሮች ባለ ካሜራው ዘንድ ደኅና እንዳሉ በስልክ ነግረውኛል። በላስቲክ ጠቅልለው ከአንድ ቦታ ወደ ሁለት ቦታ ከፍለው አስቀምጠዋቸዋል። ቅጂ እንዲነሣላቸው ጠይቄአቸው ፈቅደውልኛል፤ መንገዱ ሲመች የምሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው።

እስከዚያው ድረስ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ከቤታቸው አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አምጥተው፣ በላዩ ያሉትን ሰዎች ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው ጠይቀው በእርሳስ በቀስታ በጀርባው እንዲጽፉ ነው። በእርሳስ ያልሁት የስክሪፕቶ ቀለም ወደ ፊት ዘልቆ መልኩን ስለሚያበላሽ ነው። ብዙዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ስም አግኝተው መጡ። አንዲት ተማሪ ግን ባዶ ጀርባ አመጣች። «አያቴ ነበረች የምታውቃቸው፤ ባለፈው ዓመት ሞተች» አለችኝ።

በስልክዎ ውስጥ ያለው ሺህ ሥዕልም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስም ካልተጻፈበት ከኔጌቲቭ ካርቶን አይሻልም። እንግዲህ በመጀመሪያ ያወጡት ፎቶግራፍ በእጅዎ ካለ እባክዎ እርሳስ ያንሡ። ስሙን የሚያውቅልዎ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬ ማታ ይጠይቁት።